የምርጫ ፖስታ ስከፍት ያየሁት

ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ታስታውሱታላችሁ። በጁላይ 2022 ለካውንቲው ዋና አስተዳዳሪነት በዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ ማርክ ኤልሪችና ዴቪድ ብሌር ተፋጠጡ። እያንዳንዳቸው ከ55 ሺህ በላይ ድምፅ አገኙ። መጨረሻ ላይ የለያቸው 32 ድምፅ ነው። ሠላሳ ሁለት! በ2018ም እነዚሁ ሰዎች ተወዳድረው ልዩነታቸው 77 ነበር። ያኔም ጉድ ተብሎ ነበር።

እኔ በ2022ቱ ቆጠራ በጊዜያዊነት ተቀጥሬ በፖስታ የመጡ ድምፆችን ከሚከፍቱት አንዷ ነበርኩ። ኖቬምበር ላይ ደግሞ ምርጫ ጣቢያ ገብቼ ኤሌክሽን ጃጅ (የምርጫ አስፈጻሚ) ሆኜ ሠራሁ። ይህን የምጽፈው ለኖቬምበር 3 ቀን 2026 የአጋማሽ ዘመን ምርጫ ለምትዘጋጁ ነው። ያው ወሬ መምጣቱ አይቀርም። «ማታ እገሌ ይመራ ነበር፣ በኋላ ገለበጡት» ይባላል። የጁላዩ ቆጠራ ሳምንት ያንን ያልሰማሁበት ቀን አልነበረም። ማክሰኞ ማታ ብሌር ይመራ ነበር፤ ቀናት አልፈው ኤልሪች ቀደመ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ የማከብራቸው አንድ ጋሼ ጠሩኝና «ልጄ፣ ይቺን ጨዋታ እኛ በ97 ጨርሰናታል» አሉኝ።

አልፈረድኩባቸውም። የ97ን ምርጫ አዲስ አበባ ሆኖ ያየ ሰው፣ ቆጠራው ይቆያል ሲባል ሆዱ ቢባባ አይገርምም። እኛ አገር ድምፅ የሚቆጠረው እዚያው ምርጫ ጣቢያው ላይ፣ በዚያው ማታ ነው። ውጤቱም በር ላይ ይለጠፋል። ስለዚህ «ገና ያልተቆጠረ ድምፅ አለ» የሚለው ዐረፍተ ነገር ለብዙዎቻችን የማጭበርበር ማስታወቂያ ሆኖ ይሰማናል። እዚህ ግን የሚቆጠርበትን ቀን የሚወስነው የግዛቱ ሕግ ነው። ሕጉን ያላነበበ ሰው ደግሞ ማክሰኞ ማታ ያየውን ይዞ ይተኛል።

የሜሪላንድ ሕግ ያኔ እንዲህ ነበር። በፖስታ የመጣ ድምፅ ምርጫው ሳያልፍ አይከፈትም። ከሁለት ሳምንት በፊት የደረሰም ቢሆን እንደታሸገ ይቀመጣል። ምርጫው ማክሰኞ ጁላይ 19 ነበር፤ ፖስታ መክፈት የተጀመረው ሐሙስ ጁላይ 21 ነው። ማክሰኞ ማታ ቴሌቪዥን ላይ የታየው በአካል ሄደው የመረጡት ሰዎች ድምፅ ብቻ ነው። የፖስታው አንዱም አልተነካም። በአካል የሚመርጠውና በፖስታ የሚመርጠው ሕዝብ ደግሞ አንድ ዓይነት አይደለም። ዕድሜው፣ ሰፈሩ፣ ፓርቲው ይለያያል። ስለዚህ ሁለተኛው ክምር ሲከፈት ውጤቱ መንቀሳቀሱ የሚጠበቅ ነው። ባይንቀሳቀስ ነበር የሚገርመኝ።

ይሄ እንደሚያስቸግር አስቀድሞ ታውቆ ነበር። የግዛቱ ምክር ቤት በ2022 ፖስታዎቹ ቀደም ብለው እንዲከፈቱ የሚፈቅድ ሕግ አወጣ። ገዥው ላሪ ሆገን ሜይ ላይ ውድቅ አደረጉት። ቀድሞ መቁጠሩን ጠልተው አልነበረም፤ ረቂቁ የፊርማ ማመሳከሪያ የለውም የሚል ቅሬታ ነበራቸው። ከጁላይ በኋላ የግዛቱ ምርጫ ቦርድ ፍርድ ቤት ሄደ። ዳኛው ለኖቬምበሩ ምርጫ ከኦክቶበር 1 ጀምሮ መክፈት ይቻላል ብለው ፈቀዱ። የሪፐብሊካኑ የገዥነት ዕጩ ዳን ኮክስ ይግባኝ ጠየቁ፤ የግዛቱ የመጨረሻ ፍርድ ቤት የሥር ዳኛውን ውሳኔ አጸናው። በ2023 ሕጉ ራሱ ተለወጠ። እንግዲህ ይሄን ሁሉ የሚከታተል ሰው ጥቂት ነው። «ገለበጡት» የሚለው ግን በአንድ ሌሊት ዋትስአፕ ይሞላል።

አሁን ጠረጴዛው ላይ የሆነውን ልንገራችሁ።

አዳራሹ ሰፊ ነው። ሞባይል አይነካም። ጥቁር እስክሪብቶ የሚያዘው ለተወሰነ ሥራ ብቻ ነው። እያንዳንዱ ጠረጴዛ ላይ ሁለት ሰው ይቀመጣል፤ ሁለቱ ከአንድ ፓርቲ እንዳይሆኑ ይደረጋል። የኔን ፓርቲ እዚህ አልጽፍም። አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ ግን የሌላኛው ነበሩ። ጡረታ የወጡ አሜሪካዊ ናቸው፣ ቀልድ ያውቃሉ፣ ሥራ ላይ ግን ፊታቸው አይፈታም። ዕቁብ የጣለ ሰው አሠራሩን ቶሎ ይረዳዋል፤ ሰብሳቢው ብር ሲቆጥር ጸሐፊው አጠገቡ ሆኖ ያያል፣ ማንም ብቻውን ገንዘቡን አይነካም።

በመጀመሪያ የሚታየው ፖስታው ነው። መራጩ ፖስታው ላይ ያለው መሐላ ሥር ፈርሟል ወይ? ፈርሞ ከሆነ ይከፈታል። ወረቀቱ ሲወጣ ፊቱ ወደታች ተደርጎ ነው፤ ስም ያለበት ፖስታ በአንድ በኩል፣ ምርጫው ያለበት ወረቀት በሌላ በኩል ይሄዳል። ከተለያዩ በኋላ የቱ የማን እንደሆነ ማንም አያውቅም። ከዚያ እጥፋቱ ይስተካከላል፣ ይቆጠራል፣ የፖስታውና የወረቀቱ ቁጥር እኩል መሆኑ ይመዘገባል። አንድ ቢጎድል ወይም ቢተርፍ ያ ጠረጴዛ ይቆማል። እንደገና ይቆጠራል። ምሳ ሰዓት ቢደርስም ይቆጠራል።

ብዙ ጊዜ የሚበላው ግን ሌላ ነገር ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ማንኛውም መራጭ ባሎቱን፣ ማለትም የድምፅ መስጫ ወረቀቱን፣ በኢንተርኔት አውጥቶ ቤቱ ማተም ይችላል። ይሄን ለሁሉም መራጭ የሚፈቅዱ ግዛቶች ጥቂት ናቸው። ለመራጩ ምቹ ነው። ለእኛ ግን ፈተና ነው፤ ምክንያቱም ቤት የታተመውን ወረቀት ስካነሩ አያነበውም። ስለዚህ በእጅ ይገለበጣል። አንዱ ከመጀመሪያው ወረቀት ላይ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ያነባል፣ ሌላው በትክክለኛው የድምፅ መስጫ ወረቀት ላይ ያችኑ ክብ ያጠቁራል። ገዥ፣ ሴኔት፣ ካውንቲ፣ የትምህርት ቦርድ፣ ዳኞች፤ እስከ ታች። ከዚያ ይቀያየሩና ከላይ ጀምሮ እንደገና ያመሳክራሉ። በዋናውና በቅጂው ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ይጻፋል፤ ነገ የሚጠራጠር ሰው ቢመጣ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ ማየት እንዲችል።

አንድ ወረቀት አልረሳም። የአታሚው ቀለም እያለቀ ስለነበር ስሞቹ ግራጫ ሆነው ወጥተዋል። ጥግ ላይ የሻይ ብርጭቆ ያረፈበት ክብ ምልክት አለ። መራጩ በአንድ ውድድር ላይ ሁለት ክብ አጥቁሮ፣ አንዱን በኤክስ ሰርዞ፣ ወደ ሌላው ቀስት ስቧል። ለኔ ግልጽ ነው፤ ቀስት የተሳበበትን ነው የፈለገው። ሰውዬው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ሊሆን ይችላል፤ ግን የምንወስነው እኛ አይደለንም» አሉኝ። እጃችንን አነሳን። ወረቀቱ ወደ ካውንቲው ምርጫ ቦርድ ሄደ። የቦርዱ አባላት ሕዝብ በሚታዘብበት ስብሰባ አንድ በአንድ እያነሱ ይወስናሉ። ሜሪላንድ ውስጥ ደግሞ በፖስታ የመጣን ድምፅ ውድቅ ለማድረግ የአብላጫ ድምፅ አይበቃም፤ አባላቱ በሙሉ መስማማት አለባቸው። አንዱ «አይ፣ ይቆጠር» ካለ አይጣልም። ይሄን ሕግ ብዙ ሰው አያውቀውም። እኔ ግን ከሁሉ በላይ ልቤን ያሳረፈኝ እሱ ነው።

ታዛቢዎችም ነበሩ። የሁለቱም ተወዳዳሪ ሰዎች ቆመው ያያሉ። ይጠይቃሉ፣ ይጽፋሉ፣ ወረቀት አይነኩም። አንዳንዱ ያናድዳል፤ ከጀርባችሁ ቆሞ ሲተነፍስ ይሰማችኋል። ግን መኖራቸው ጥሩ ነው። በኋላ «ማን አየ?» ሲባል የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

እንከን አልነበረም ልላችሁ አልችልም። ኦገስት ላይ ውጤቱ ሊጸድቅ ሲል መቶ ገደማ ያልተቆጠሩ ፕሮቪዥናል ባሎቶች (የመራጩ መብት እስኪጣራ ተለይተው የሚቀመጡ ድምፆች) ተገኙ። ማጽደቁ ዘገየ። ወዲያው «ይኸው!» የሚል ጩኸት ተነሳ። እኔ በተቃራኒው ነው የማየው። የተገኙት የጣቢያው መዝገብና የተቆጠረው ቁጥር አልገጥም ስላለ ነው። መዝገብ ባይኖር ማንም አያውቅም ነበር። ተቆጠሩና ኤልሪች በ35 ድምፅ መሪ ሆኖ ጸደቀ። ብሌር ድጋሚ ቆጠራ ጠየቀ፤ ልዩነቱ እንዲህ ሲጠብ ወጪው አመልካቹ ላይ አይወድቅም። ድጋሚ ቆጠራው ሲያልቅ 35ቱ 32 ሆነ። ይህን ያህል ወረቀት እንደገና ታይቶ የተንቀሳቀሰው ሦስት ድምፅ ነው። ብሌርም ሽንፈቱን ተቀበለ።

እንግዲህ ወደ እናንተ ፖስታ እንምጣ። ከዚህ ጽሑፍ ሌላውን ብትረሱ ይሄን ክፍል ያዙልኝ።

ጠረጴዛችን ላይ ካስቸገሩን ነገሮች መካከል ፊርማ የሌለበት ፖስታ አንዱ ነው። ሰው ከመረጠ በኋላ ያሸገና የላከ፣ መሐላውን የረሳ። ቢሮው ደውሎ ወይም ጽፎ እንድታስተካክሉ ሊጠይቃችሁ ይችላል፤ ስለዚህ ስትመዘገቡ ትክክለኛ ስልክና ኢሜይል ስጡ። የማታውቁት ቁጥር ነው ብላችሁ አትዝጉት። ባልና ሚስት ባሎታችሁን በአንድ ፖስታ አትላኩ። ቁጠባ ይመስላል፣ ግን የሁለታችሁንም ድምፅ ሊያሳጣ ይችላል። ባሎቱ ላይ ስም፣ ፊርማ፣ «እግዚአብሔር ይርዳችሁ» የሚል ጽሑፍ አታድርጉ። ማንነትን ለመግለጽ ሆን ተብሎ የተደረገ ምልክት ካለ ወረቀቱ በሙሉ ሊጣል ይችላል። ክቧን በጥቁር እስክሪብቶ ሙሉ፤ ራይት ምልክት አታድርጉ። ብትሳሳቱ ሌላ ወረቀት ጠይቁ እንጂ ቀስት አትሳቡ። ቤት አትማችሁ የምትልኩ ከሆነ ፖስታውም ቴምብሩም በራሳችሁ ነው፤ የመሐላውን ገጽም አትርሱ።

ቀኑ ሌላ ጣጣ ነው። ሜሪላንድ ውስጥ በ2022 ደንቡ ፖስታው እስከ ምርጫው ቀን ማኅተም ከተመታበትና ከምርጫው በኋላ እስከ ሁለተኛው ዓርብ ጠዋት 4 ሰዓት ከደረሰ ይቆጠራል የሚል ነበር። በእኛ አቆጣጠር ነው 4 ሰዓት ያልኩት፤ እነሱ 10 ይሉታል። ግን ሰማያዊ የፖስታ ሳጥን ውስጥ የከተታችሁበት ቀንና ማኅተሙ ላይ የሚወጣው ቀን አንድ ላይሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ደንቦች በየግዛቱ ፍርድ ቤት እየተሟገቱባቸው ስለሆነ የዓመቱን ቀን ከካውንቲያችሁ አረጋግጡ። እኔ እናቴን የማስመርጠው በድሮፕ ቦክስ፣ ምርጫ ቦርዱ በሚያስቀምጠው የድምፅ መሰብሰቢያ ሳጥን ነው። ከምርጫው ቀን ማታ 2 ሰዓት በፊት ሳጥኑ ውስጥ ከገባ የማኅተም ጭቅጭቅ የለም። ከዚያ የግዛቱ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ ስማችሁንና የትውልድ ቀናችሁን አስገብታችሁ መድረሱንና መቆጠሩን ማየት ትችላላችሁ። በፖስታ ጠይቃችሁ ሐሳባችሁን ቀይራችሁ በአካል ብትሄዱ ፕሮቪዥናል ባሎት ይሰጣችኋል። አትከፉ፤ ሁለቴ አለመምረጣችሁ ሲጣራ ይቆጠራል።

ኖቬምበር ላይ ጣቢያው ውስጥ ደግሞ የገጠመኝ የስም ነገር ነው። ይሄ የኛ የሐበሾች ልዩ ችግር ነው። አንድ እናት መጡ። መታወቂያቸውን ሳይሆን ስማቸውን ይጠየቃሉ። «ወይዘሮ እገሊት» ብለው የራሳቸውን ስም ተናገሩ፤ ጃጁ እሱን የአባት ስም አድርጎ ፈለገ፤ የለም። የአባታቸውን ስም ሞከሩ፤ የለም። ለካ ሲመዘገቡ የአያታቸው ስም ነው መጨረሻ ላይ የገባው። ገብረ፣ ወልደ፣ ኃይለ፣ ወለተ ያለባቸው ስሞችማ አይጣል ነው። ኃይለ ማርያም ለሁለት ተከፍሎ «ማርያም» የቤተሰብ ስም ሆኖ ቁጭ ይላል። ሰልፉ ረዝሟል፣ እናት ፊታቸው ላይ «አልፈለጉኝም» የሚል ነገር ይነበባል። ጠጋ ብዬ በአማርኛ «እማማ፣ የልደት ቀንዎ መቼ ነው?» አልኳቸው። በልደት ቀንና በአድራሻ ተገኙ። መረጡ፣ ስቲከራቸውን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ወጡ። ስለዚህ ከምርጫው በፊት ድረ ገጹ ላይ ስማችሁ እንዴት እንደተጻፈ እዩ። ወላጆቻችሁ ካሉ በወረቀት ጽፋችሁ ስጧቸው። ስሙ ጨርሶ ባይገኝም ጥላችሁ አትውጡ፤ ፕሮቪዥናል ባሎት የመጠየቅ መብት አላችሁ።

ቋንቋን በተመለከተ፣ የፌዴራሉ የምርጫ መብት ሕግ በየካውንቲው ባሎት እንዲተረጎምላቸው የሚያዝዝላቸው ቋንቋዎች ውስጥ አማርኛ የለም። ዲሲ ግን በ2004 ባወጣው የራሱ የቋንቋ ሕግ አማርኛን ከሚያገለግላቸው ቋንቋዎች አንዱ አድርጎታል። ሌላ ቦታ ብትሆኑም እንግሊዝኛ ማንበብ የሚቸግረው መራጭ የሚረዳውን ሰው ይዞ መግባት ይችላል። ልጅም ይሁን ጎረቤት። አሠሪውና የሠራተኛ ማኅበሩ ተወካይ ብቻ አይሆኑም። ጣቢያው ላይ አጭር ፎርም ይሞላል፣ በቃ። ይሄን የማያውቅ ጃጅ ቢገጥማችሁ በትሕትና ዋናውን ጃጅ ጥሩልኝ በሉ።

ግሪን ካርድ ያላችሁ ደግሞ እባካችሁ። መንጃ ፈቃድ ስታወጡ ስክሪኑ ላይ ለምርጫ የመመዝገብ ጥያቄ ይመጣል። ዜግነት ሳይኖራችሁ «አዎ» አትበሉ። ለፌዴራል ምርጫ ዜጋ ያልሆነ ሰው መምረጡ ወንጀል ነው፤ አገር እስከማስወጣት ያደርሳል። ተሳስታችሁ ከተመዘገባችሁ ሳትመርጡ ቶሎ ጠበቃ አማክሩ። እዚሁ አጠገባችን ታኮማ ፓርክ ከተማ ዜጋ ያልሆኑ ነዋሪዎችም የከተማውን ምክር ቤት ይመርጣሉ፤ ከ1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ። ያ ለከተማው ምርጫ ብቻ የሚያገለግል ነው። አታደባልቁት።

ሌላ ግዛት ያላችሁ ዘመዶች «የኛስ?» ትሉ ይሆናል። ላስ ቬጋስ እህቴ አለች፤ በ2022 እንቅልፍ አጥታ ነበር። ኔቫዳ ለሁሉም ንቁ መራጭ ባሎት በፖስታ ይልካል። እስከ ምርጫው ቀን ማኅተም የተመታበት ከሆነ እስከ አራተኛው ቀን የደረሰው ይቆጠር ነበር። ኖቬምበር 8 የተደረገው የሴኔት ምርጫ የታወቀው ቅዳሜ ማታ ኖቬምበር 12 ነው። ዴሞክራቷ ካትሪን ኮርቴዝ ማስቶ ሪፐብሊካኑን አዳም ላክሳልትን በ7,928 ድምፅ አሸነፉ፤ ሴኔቱም በዚያው ተወሰነ። ዶናልድ ትራምፕ ላስ ቬጋስ ያለችበትን ክላርክ ካውንቲን በማጭበርበር ከሰሱ። ነገር ግን በዚያው ወረቀት፣ በዚያው ቆጠራ፣ የገዥነቱን ወንበር ሪፐብሊካኑ ጆ ሎምባርዶ ወሰዱ። እህቴን «ሌባው ሴኔቱን ሰርቆ ገዥነቱን ረስቶት ሄደ?» ብያት ሳቀች።

ኔቫዳ ፊርማ ያመሳክራል፤ ሜሪላንድ ግን አያመሳክርም። የኛ ሰው ደግሞ መንጃ ፈቃድ ላይ በላቲን ፈርሞ፣ ፖስታው ላይ በፊደል ይፈርማል። ወይም በተቃራኒው። የእህቴም ፖስታ የተያዘው በዚህ ነው። ደብዳቤ መጣላት፣ ቀኑ ሳያልፍ አስተካከለች፣ ተቆጠረ። በ2022 ለዚህ እስከ ኖቬምበር 14 ጊዜ ነበር። ፊርማ በሚመሳከርበት ግዛት ያላችሁ በመታወቂያችሁ ላይ እንዳለው ፈርሙ።

በእርግጥ የሚያስቆጣ ነገር የሆነበት ቦታም አለ። በ2022 አሪዞና፣ ማሪኮፓ ካውንቲ ውስጥ በብዙ ጣቢያዎች አታሚዎቹ ወረቀቱን አደብዝዘው እያተሙ ማሽኑ አልቀበል አለ። መራጮች ተሰለፉ፣ ወረቀታቸው በኋላ እንዲቆጠር ወደ ተለየ ሣጥን ገባ። ንዴቱ ይገባኛል። ለገዥነት የተሸነፉት ካሪ ሌክ ግን ፍርድ ቤት ሄደው ውጤቱን የሚቀይር ነገር ማሳየት አልቻሉም። በዚያው ምርጫ የጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ውድድር መጀመሪያ በ511 ድምፅ ነበር የተለየው። ድጋሚ ሲቆጠር 280 ሆነ፤ ፒናል ካውንቲ ውስጥ ያልተቆጠሩ ድምፆች ተገኝተው ነበር። አሸናፊዋ ክሪስ ሜይስ አልተቀየሩም፤ ስሕተቱ ግን እውነተኛ ነበር፣ ያገኘውም ድጋሚ ቆጠራው ነው።

እውነተኛ ማጭበርበርም አለ። በ2018 በሰሜን ካሮላይና 9ኛ የምርጫ ወረዳ ማርክ ሃሪስ በ905 ድምፅ መሩ። የግዛቱ ምርጫ ቦርድ አላጸድቅም አለ። ለእሳቸው ዘመቻ የሚሠራ ሰው ብላደን ካውንቲ ውስጥ ቤት ለቤት እያስዞረ የፖስታ ድምፅ ሲያስሰበስብ ነበር። ምርጫው ተሰርዞ በ2019 እንደገና ተደረገ። ለዚህ ነው የታሸገ ፖስታችሁን በር ላይ ለሚያንኳኳ ሰው አትስጡ የምላችሁ። አማርኛ ቢናገርም፣ የሰፈራችሁ ሰው ቢሆንም።

አንዳንዴ ደግሞ ሌባም የለ፣ ማሽንም አልተበላሸ፤ ወረቀቱ ራሱ ነው ጠማማው። ፍሎሪዳ፣ ብራዋርድ ካውንቲ በ2018 የሴኔቱን ውድድር በግራው ዓምድ ከመመሪያው ሥር ወሸቁት። ብዙ ሺህ ሰው ሳያየው አለፈ። በግዛቱ በሙሉ ሪክ ስኮት ያሸነፉት በ10,033 ድምፅ ነው። ጭራሽ የብራዋርድ ቢሮ የድጋሚ ቆጠራውን ውጤት በሁለት ደቂቃ አሳልፎ ልኮ ተቀባይነት አጣ። ሁለት ደቂቃ! ከዚያ ወዲህ እኔ ወረቀቴን ከማስገባቴ በፊት ከመመሪያው ሥርም፣ ከጀርባም እገለብጠዋለሁ።

«ማሽኑ ይቅር፣ በእጅ ይቆጠር» የሚሉም አሉ። ኔቫዳ ውስጥ ናይ ካውንቲ በ2022 ሞክሮት፣ ገና ምርጫው ሳያልቅ ድምፅ እያነበቡ መቁጠራቸው ችግር ሆኖ ፍርድ ቤት አስቆማቸው። እኔ በእጅ የሚሠራ ሥራ ውዬበታለሁ። ከሰዓት በኋላ ዓይን ይደክማል፣ 6 እና 8 ይመሳሰላሉ። ወረቀት ይኑር፣ ማሽን ይቁጠር፣ ሰው ደግሞ ከወረቀቱ ጋር ያመሳክር። ሐሳቤ ይሄው ነው።

ለጋሼም የነገርኳቸው እንዲሁ ነው። አሁን ወሬ ሲሰሙ የቱ ካውንቲ ነው፣ ልዩነቱ ስንት ነው፣ ጸድቋል ወይ ብለው ይጠይቁኛል። ማታ ቴሌቪዥን ላይ አሸናፊ የሚባለው የዜና ድርጅቶች ግምት ነው፤ ሕጋዊው ካውንቲውና ግዛቱ የሚያጸድቁት ነው። ሙሉ በሙሉ አምነዋል አልልም። «እስቲ እናያለን» ነው መልሳቸው።

መግባት ለምትፈልጉ መንገዱ ቀላል ነው። ሜሪላንድ ውስጥ ኤሌክሽን ጃጅ ለመሆን የተመዘገበ መራጭ መሆን ያስፈልጋል፤ ከ16 ዓመት ጀምሮ ይቻላል፣ ስለዚህ ልጆቻችሁንም አስመዝግቡ። ማመልከቻው የካውንቲያችሁ ምርጫ ቦርድ ድረ ገጽ ላይ አለ። ሥልጠና አለ፣ ክፍያም አለ። በተለይ ሪፐብሊካን ሆናችሁ የተመዘገባችሁ ሐበሾች እንደኔ ካውንቲ ባሉ ቦታዎች በጣም ትፈለጋላችሁ፤ ጥንድ የሚጎድለው ብዙ ጊዜ በእናንተ በኩል ነው። መሥራት ካልቻላችሁ ቆጠራው ለሕዝብ ክፍት ነውና ሰዓቱን ጠይቃችሁ ቁሙና እዩ። ፎርሙ ላይ የምትችሉት ቋንቋ የሚል ቦታ ካለ አማርኛ ብላችሁ ጻፉ። ጣቢያው 1 ሰዓት ጠዋት ተከፍቶ 2 ሰዓት ማታ ይዘጋል፤ እናንተ ግን ከዚያ በፊት ገብታችሁ ከዚያ በኋላ ነው የምትወጡት። ምቹ ጫማ አድርጉ፣ ምሳ ቋጥራችሁ ሂዱ። ሽሮ ካላችሁ በደንብ የሚዘጋ ዕቃ ውስጥ አድርጉት፤ ስካነሩ አጠገብ ፈሳሽ ማስጠጋት ክልክል ነው።